ባሌ ሳይተረጉመው የቀረው ሕመም

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በባሌ ያልጠረጠርኳት ሴት የለችም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሳምቡሳ የምትሸጥልንን ባልቴት ጠርጥሬአለሁ። የአከራያችንን እህት ጠርጥሬአለሁ። አንድ ጊዜማ ስልኩ ላይ በፈረንሳይኛ «ሒሳብዎ አልቋል» የምትለዋን የተቀዳች ድምፅ ሰምቼ፣ «ይቺ ደግሞ ማን ናት እንዲህ የምትለሰልስልህ?» ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኼበታለሁ። ዛሬ ስጽፈው ያስቀኛል። ያኔ ግን ሳቅ የሚባል ነገር ከቤታችን ወጥቶ ነበር።

ይህን የምጽፈው በቅናት ቆሽቷ ለሚያርር ሴትና ሳያጠፋ ለሚቀናበት ባል ነው። የሚቀና ሰው ሁሉ ታሟል ማለቴ አይደለም። እኔም ከመታመሜ በፊት ቀናተኛ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ግን ቅናት ራሱ የሚታመምበት ጊዜ አለ። የእኔ ታሞ ነበር፤ ሐኪም ያወቀው ግን ብዙ ክሊኒክ ከተንከራተትኩ በኋላ ነው። ለምን እንደዘገየ ልንገራችሁ።

ባሌ ደረጀ አየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል። እዚህ በፈረንሳይኛው አሳጥረው «ክሊም» ይሉታል። በሙቀቱ ወራት ክሊም የተበላሸበት ቤት ደረጀን የሚጠብቀው እንደ ነፍስ አባት ነው። እኔ ካርቲየ 5 በሚሉት ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ጸጉር እሠራለሁ። የምንኖረው አርሂባ ሰፈር ነው። ልጅ አልወለድንም፤ ይህም ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ሲያቃጥለኝ የኖረ ነገር ነው።

የአገሩ ሴቶች ኡንሲ የሚሉት ነገር አላቸው። ስኳርና ሰንደል፣ ሽቶና ቅመም ቀላቅለው ያበስሉና ከሰል ላይ ጣል እያደረጉ ልብሳቸውን፣ ጸጉራቸውን፣ ቤታቸውን ያጥኑበታል። እያንዳንዷ የራሷ አሠራር አላት፤ የአንዷ ከሌላዋ አይመሳሰልም ይላሉ። ደስ የሚል ሽታ ነው። ከባል ሸሚዝ ላይ ሲመጣ ግን ደስ አይልም።

ነገሩ የጀመረው በዚሁ ነው። ደረጀ ከሥራ ሲገባ ኡንሲ ኡንሲ ሸተተኝ። «ማን ነች?» አልኩት እየሳቅሁ። እሱም ሳቀ። በማግስቱም ሸተተኝ። በሳምንቱ የሚስቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ጸጉር መሥራት ቀርቶ ጸጉር ማሽተት ሆነ። የሸሚዙን ባለቤት በአፍንጫዬ አገኛታለሁ ብዬ አመንኩ። ደንበኛ ስትቀመጥ ሚዶ የማነሳ መስዬ ጎንበስ እልና ወደ ውስጥ እስባለሁ። ኢፍራ የምትባል ደንበኛዬ አንድ ቀን ዞር ብላ፣ «ወላሂ አስካለ፣ ራሴ ይሸታል እንዴ? ትናንት ነው የታጠብኩት» አለችኝ።

«ኧረ ኡንሲሽ ነው ደስ ያለኝ። ምን ምን ታስገቢበታለሽ?»

የዋህ ናት፤ አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ። ቤቴ ገብቼ የደረጀን ሸሚዝ ከልብስ ቅርጫት አወጣሁና ቅመም በቅመም አሸተትኩት። ገጠመልኝ። ያን ሰሞን ሴትዮዋ ኢፍራ ነበረች። ቀጥሎ ሌላዋ ገጠመች፤ ከዚያም ሌላዋ። ያየኋት ሁሉ ስትገጥም «አፍንጫዬ ተሳስቷል» አላልኩም። «ይሄ ሰውዬ ስንቷን ነው የያዘው?» ነው ያልኩት።

ደረጀ ምስኪን፣ ሲጨንቀው አንድ ቀን የክሊም ማጣሪያ በፌስታል ይዞልኝ መጣ። ወንፊት የሚመስል ነገር ነው፤ አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል።

«በይ አሽቺው» አለኝ። «ቤቱን ዘጋግተው ሲያጥኑ ክሊሙ ጭሱን ይስበዋል። እኔ ደግሞ መሰላል ላይ ሆኜ ስፈታው ይሄ ሁሉ አቧራ እላዬ ላይ ነው የሚራገፈው። ጸጉሬ ውስጥ ይገባል፣ አንገቴ ውስጥ ይገባል። ሌላ ነገር የለም፣ አስካለ። በናትሽ ሌላ ነገር የለም!»

አሸተትኩት። ራሱ ነው፤ ያ ሽታ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ አልቅሳ ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። እኔ ግን ማጣሪያውን እንደያዝኩ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ምን ያህል ቢወዳት ነው ሽቶዋን ማጣሪያ ላይ ረጭቶ እኔን ለማታለል እስከ መልፋት የደረሰው? በሽታውን ማወቅ የምትፈልጉ፣ እዚህ ጋ ነው የሚታየው። ማስረጃ ሲመጣለት አይጠፋም፤ ማስረጃውን በልቶ ይወፍራል።

ሰው የሚፈራው ሌሊትን ነው። እኔ የምፈራው ቀትርን ነበር። ጅቡቲ ቀትር ላይ ትዘጋለች፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ጫት ቃሚው ፍራሹ ላይ ጋደም ይላል፣ መንገድ ላይ ከፍየል በቀር የሚንቀሳቀስ አይታይም። ሰው ሁሉ በተዘጋ መስኮት ውስጥ ነው። ደረጀ ደግሞ በብዛት የሚጠራው በዚያው ሰዓት ነው፤ ክሊም የሚያስፈልገው ያኔ ነዋ። እኔ የቤቴ ሲሚንቶ ላይ ተዘርግቼ በሐሳቤ በር እየከፈትኩ እገባለሁ። ይህን ቤት እከፍታለሁ፣ አይቼ እዘጋለሁ፤ ያንን ቤት እከፍታለሁ። ሲመለስ እግሩን እንኳ ሳይታጠብ ምርመራ ይጀመራል። «ማን ከፈተልህ? ምን ለብሳ ነበር? ውሃ ሰጠችህ? በምን ሰጠችህ?»

ቀስ በቀስ ሰውነቴ እምቢ አለ። እንቅልፍ ጠፋ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ ቀሚሴ ሰፋኝ። የደንበኛ ጸጉር በእጄ እንደያዝኩ እንባዬ ይወርዳል። ልብ በሉ፣ ሌላው ጭንቅላቴ ደህና ነው። ሥራዬን እሠራለሁ፣ ገበያ ሄጄ እከራከራለሁ፣ የሰው ስም አልረሳም። ከደረጀ ጉዳይ ውጭ ምንም አልተዛባብኝም። ስለዚህ ማንም «ታመመች» አላለኝም፤ «ከሳች» ነው ያሉት።

ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝና መድኃኒቱን ጨረስኩ። ሌላው ጨጓራ አለኝ፤ ሌላው ደም ማነስ። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ደጃችሁ ላይ ነገር ተቀብሮባችኋል ብላ ደረጀን ደጃፉን አስቆፈረችው። የተገኘው የውሃ ቧንቧ ነው፤ እሱም ተበሳ። ጸበልም ተጠመቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ሳለሁ ቀለል ይለኝ ነበር። ቤቴ ስገባ ግን ሸሚዙ ተሰቅሎ ይጠብቀኛል።

በመጨረሻ ደረጀ አንድ ጥሩ ሐኪም አለ ብሎ ወሰደኝ። ሐኪሙ የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነው፤ የእኔ ፈረንሳይኛ ከገበያ አያልፍም። ስለዚህ እንደማንኛውም የኛ ሰው አስተርጓሚዬ ባሌ ሆነ።

«ምን እንደሚያስጨንቅሽ ንገሪኝ እያለሽ ነው» አለኝ ደረጀ።

«ንገረው እንግዲህ! ሴት እንዳለህ ንገረው! ሸሚዝህ እንደሚሸት፣ በቀትር የት እንደምትውል፣ ማጣሪያ ሽቶ ነክረህ እንዳመጣህልኝ ሁሉንም ንገረው!» ሳላቋርጥ ብዙ ተናገርኩ።

ደረጀ ጉሮሮውን ጠረገና ጥቂት ቃላት ተናገረ። ሐኪሙ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። የእኔ ያን ያህል ረዝሞ የእሱ እንዴት እንዲህ አጠረ? ይሄንም ከሐኪሙ ጋር ተስማምቶ ነው ብዬ ያዝኩበት። ሐኪሙ ድባቴ ነው አለ፤ ሐዘን አልለቅ ብሎ ሰውን ከምግብም ከሰውም ከሥራም የሚለየው ሕመም ማለት ነው። ኪኒን ጻፈልኝ።

አልተሳሳተም፤ ድባቴውም ነበረብኝ። መድኃኒቱን ስወስድ እየዋለ እያደረ እንቅልፌ ተመለሰ፣ መብላት ጀመርኩ፣ ጉልበቴ መጣ። ደረጀ ደስ አለው። ጉልበቴ ለምን እንደሚውል አላወቀማ! ቀድሞ ተኝቼ የምቃጠል ሴት አሁን ነጠላዬን ተከናንቤ እከተለው ጀመር።

ደረጀን በስልክ ደጋግማ የምትጠራው አንዲት አማርኛ ተናጋሪ ነበረች። ዝናሽ ትባላለች፤ ማዳም ሮዳ የሚሏት የጅቡቲ ሴት ቤት ተቀጥራ ትኖራለች። «ደሬ፣ ማዳም ቶሎ ና ብላሃለች» ስትል ሰምቼአታለሁ። ደሬ! እኔ እንኳ ደሬ ያልኩት በፍቅራችን ጊዜ ነው። ሌሎቹን ሴቶች ሁሉ ትቼ ጥርጣሬዬን እሷ ላይ አሳረፍኩት።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ተከትዬው ሄድኩና በሩን ደበደብኩ። የከፈተችው እሷ ናት፤ መጥረጊያ ይዛለች፣ ሻሿ በላብ ርሷል። የተናገርኳትን እዚህ አልጽፈውም። ሻሿን ከራሷ ላይ ገፍፌ አሸተትኩት፤ ይህንን ግን እጽፈዋለሁ። ደረጀ መፍቻ በእጁ እንደያዘ ከመሰላል ወርዶ መጣ። ማዳም ሮዳም ከመኝታዋ ተነስታ ወጣች። ዝናሽ ግድግዳ ተደግፋ፣ «ከሥራዬ ልታስባርረኝ ነው! ምን አደረግኋት?» እያለች ታለቅስ ነበር።

ደረጀ አልጮኸብኝም። ቤት እንደገባን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ «አስካለ፣ ከዚህ በላይ አልችልም» አለ። «አዲስ አበባ ወንድምሽ ዘንድ እወስድሻለሁ። እዚያ ትቀመጫለሽ። እኔ ቀለብሽን እልካለሁ።»

ትዳራችን በዚህች አነጋገር ሊያልቅ ነበር። እኔ ደግሞ ምን አሰብኩ? ቦታ ሊለቅላት ነው። እንደዚያ እያለቀስኩ እንኳ ቅናቱ አልለቀቀኝም።

ከመለያየት ያተረፈችን ማዳም ሮዳ ናት። ማዋለጃ ክፍል የምትሠራ ሴት ናት፤ ብዙ አይታለች። ደረጀን ጠርታ፣ «ይህች ሴት ብልግና አይደለም ያለባት፤ ታማለች። ሐኪም ዘንድ ምን ብላችሁ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። ደረጀ መሬት መሬት አየ። ከዚያ የአእምሮ ሐኪም ቀጠሮ ያዘችልኝና አንድ ትእዛዝ ሰጠች፦ ባልየው አብሮ እንዳይገባ፤ ዝናሽ ትተርጉምላት። ማዳም ሮዳ ከእሷ ሌላ ፈረንሳይኛ አቀላጥፋ የምትናገር ሐበሻ አታውቅም ነበር።

እሺ ያልኩት ለመዳን አይደለም። ሐኪም ፊት አፋጥጬ ላጋልጣት ነው።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አንዱ ታማሚ ቁጭ ብድግ ይላል፣ አንዲት እናት ትልቅ ልጇን እንደ ሕፃን ታባብላለች። ወረፋው አይንቀሳቀስም። ዝናሽ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ሳታየኝ ተናገረች።

«እትዬ፣ እኔ እዚህ የመጣሁት ማዳም ስላዘዘችኝ ነው። እንዳልዋሽሽ፣ አልወድሽም። ግን የምትይውን ሁሉ እላለሁ። አንድም አልቀንስም።»

«ብትቀንሺ አውቅብሻለሁ» አልኳት።

«እንዴት አድርገሽ?» አለችና የያዘችውን የውሃ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ጠጣሁ።

ሐኪሙ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ምን አመጣሽ አለኝ፤ ጀመርኩ። ስለ ሽታው፣ ስለ ማጣሪያው፣ ስለ ቀትሩ። ዝናሽ እኔ ስረዝም ትረዝማለች፣ እኔ ስጮህ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ከዚያ ወደ እሷ መጣሁ። ባሌን የቀማችኝ የሰው ቤት ሠራተኛ፣ ድምፅዋን እያለሰለሰች የምትጠራው፣ አይነ ደረቅ፣ ሌላም ብዙ። ዝናሽ ፊቷ እየቀላ አንዱንም ሳታስቀር ተረጎመችው። ሐኪሙ የሆነ ነገር ጠየቃት። እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ መለሰችለት።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«‹ይህች የምትላት ሴት ማን ናት?› አለኝ። ‹እኔ ነኝ› አልኩት።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ከፈለገች ሌላ አስተርጓሚ እንደሚያስመጣ ነገራት። «ልጨርስ» ብላዋለች፤ ይህን በኋላ ነው የነገረችኝ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ባልሽ ሥራ ትቶ ከነገ ጀምሮ ከቤት ባይወጣ፣ አጠገብሽ ቢውል ቢያድር፣ ጥርጣሬሽ ይቆማል ወይ አለኝ።

አሰብኩ። «አይቆምም» አልኩ። «ቁጭ ብሎ ሲያስባት በምን አውቃለሁ?»

ዝናሽ ይህንኑ በፈረንሳይኛ አለችው። የራሴን ንግግር ከሌላ ሰው አፍ በማላውቀው ቋንቋ ስሰማው ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ፈራሁ። ደረጀ ምንም ቢያደርግ የማያመልጥበት ነገር ውስጥ እንዳስገባሁት ለአፍታ ታየኝ። ታይቶኝ ወዲያው ጠፋ። ግን ታይቶኛል።

ሐኪሙ «ባልሽ ንጹሕ ነው» አላለኝም። «እሱን እኔ አላውቅም» ነው ያለኝ። «የማውቀው፣ ሐሳብሽ ማስረጃ ሲቀርብለት የማይነቀል፣ ከሌላው አእምሮሽ ተለይቶ በአንድ ነገር ላይ ብቻ የቆመ ጽኑ እምነት ሆኗል፤ ይህ ራሱን የቻለ ሕመም ነው» አለኝ። ድባቴውም አለ። አንዳንድ ሰው ድባቴው ይቀድምና እንዲህ ያለ እምነት ያመጣበታል፤ አንቺ ላይ እምነቱ ቀድሞ ድባቴውን ሳያስከትል አልቀረም፤ የታከመው ግን ድባቴው ብቻ ነው አለ። ለእምነቱ የሚሆን ሌላ ኪኒን በትንሹ ጀመረልኝ። በየጊዜው እየመጣሁ እንዳወራውም ነገረኝ።

መድኃኒቱ ተአምር አይደለም። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፣ ወፈርኩ፣ ጣቶቼ ዘገዩና ሹሩባ ስሠራ ደንበኞቼ አንገታችን ደከመ ይሉ ጀመር። ቢሆንም ከጊዜ በኋላ አንድ ቀን ኢፍራን ሠርቼ ሸኝቼ ክፍሌን ስጠርግ፣ ጸጉሯን እንዳላሸተትኩት ትዝ አለኝ። መጥረጊያውን ይዤ ቆምኩ።

ያልጠበቅሁት ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጥርጣሬው እየሳሳ ሲሄድ ሐዘኑ ባሰ። ጥርጣሬ እያለኝ ቢያንስ የምጠላት ሴት ነበረችኝ። እሷ ስትጠፋ የቀረሁት ከደረጀ ጉንጭ መጉደል፣ ከባከኑት ዓመታትና ከልጅ አልባ ቤቴ ጋር ነው። ኪኒኑን ልተወው አሰብኩ፤ ቅናቴ ቢመለስልኝ ይሻላል እስከ ማለት ደርሼ ነበር። ሐኪሙ ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር ሮጬ ሄድኩ እንጂ አልደበቅኩም። የድባቴውን መድኃኒት አስተካከለልኝ። እናንተም እዚህ ጋ ከደረሳችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ሂዱና ለሐኪማችሁ ንገሩት።

ደረጀንም በዚያ ሰሞን ነው የጠየቅሁት። «ያን ቀን ያንን ሁሉ ስናገር ለሐኪሙ ምን ብለህ ነው የተረጎምክለት?»

«ልጅ የለንም፣ አገሯም ናፍቋታል አልኩት።»

«ለምን?»

«የሰውየውን ቤት ክሊም የምሠራው እኔ ነኝ፣ አስካለ። ሚስቴ ከደንበኞቼ ሴቶች ጋር ትጠረጥረኛለች ብለው ማን ከቤቱ ያስገባኛል? እሱ ራሱ ሚስቱ ወዳለችበት ያስገባኛል? ደግሞም አፈርኩ። ‹ሚስቴ አታምነኝም› የሚለውን ቃል በአፌ ማውጣት አቃተኝ።»

አልተቆጣሁትም። እኔ ብሆን ምን እል ነበር? ግን ለእናንተ ይህን እላለሁ፦ የልብ ነገር ሲሆን ባል ለሚስቱ፣ ሚስት ለባሏ አታስተርጉም። የማይወዳችሁም ሰው ቢሆን ያላችሁትን ሁሉ የሚናገር ፈልጉ።

ሐሳቡ ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣል። ይመጣና በር ላይ ይቆማል፤ ግባ አልለውም። ሐኪሜን ማየት አላቆምኩም፣ አልዋሽም።

በቅርቡ ደረጀ ለእህቱ ሠርግ አዲስ አበባ ሄደ። ሥራ ስለበዛብኝ እኔ ቀረሁና ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘሁት። ሰልፉ ላይ ቆመን ሳለ ሀና የምትባል የድሮ ጎረቤታችን ከኋላ መጣች። ቆንጆ ናት፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም፣ ሁሉም ያየዋል። እሷም በዚያው ባቡር ልትሄድ ነው።

ደረጀ በታመምኩባቸው ዓመታት ሴት ሰላም ከማለቱ በፊት ሁልጊዜ ዓይኑ ወደ እኔ ፊት ይሄድ ነበር፤ ይፈቀድልኝ ይሆን እንደሚል ተማሪ። ከዳንኩ በኋላም አልተወውም ነበር። ያን ቀን ግን «ሀኒዬ! የት ጠፋሽ አንቺ?» ብሎ እየሳቀ አቅፎ ሳማት። ወደ እኔ አላየም። ረስቶኛል።

ቀናሁ። አላሳምረውም። እንደ ማንኛዋም ባሏ ቆንጆ ሴት እንዳቀፈባት ሚስት ቀናሁ። ሁለቱን እያየሁ ጠበቅሁ። ከዚያ ያለፈ ምንም አልመጣም።

«ደረጀ» አልኩት፣ «ሻንጣዋ ከብዷታል፤ ያዝላት እንጂ።»